ግለ ታሪክ ሲታተም እውነቱን የሚያጣራው ማን ነው?

በዚህ ክረምት ከሜሪላንድ ወደ አዳማ በመጣሁ በሦስተኛው ቀን፣ አክስቴ አንድ መጽሐፍ ይዘው አጠገቤ ተቀመጡና ጣታቸውን በአንድ ገጽ መካከል አሳርፈው «እስቲ ይህን አንብበው» አሉኝ። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ከአባቴ ጋር የሠሩ አንድ ጡረተኛ በራሳቸው ወጪ ያሳተሙት ግለ ታሪክ ነው። በ1970 ዓ.ም. ሦስት የሥራ ባልደረቦቹን ለቀበሌ አሳልፎ የሰጠው አባቴ እንደ ነበረ፣ ከነአያቱ ስም፣ በሁለት ዐረፍተ ነገር ተጽፏል። አባቴ ካረፈ 11 ዓመት ሆኖታል።

አክስቴ ቃል ሳይጨምሩ ከቁም ሣጥኑ ላይ የብስኩት ቆርቆሮ አወረዱ፤ ከእድር ደረሰኞችና ከአሮጌ ፎቶግራፎች ሥርም በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የዝውውር ደብዳቤ ነው። እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል፣ ማኅተሙም ደብዝዟል፤ ቀኑና ስሙ ግን በግልጽ ይነበባሉ። አባቴ በ1968 ዓ.ም. ወደ መተሐራ ስኳር ፋብሪካ ተዛውሯል፤ ወደ ወንጂ የተመለሰውም ከአራት ዓመት በኋላ ነው። መጽሐፉ በሚያወራበት ዓመት ወንጂ አልነበረም።

በንዴት «አሜሪካ ቢሆን ይህ አይታተምም ነበር» አልኳቸው። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን የተናገርኩት ትክክል እንዳልሆነ ገባኝ። እዚያ አንዳንድ ታላላቅ መጽሔቶች ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዱን ስምና ቀን ምንጩ ድረስ እየደወሉ የሚያጣሩ ሠራተኞች አሏቸው፤ መጽሐፍ አሳታሚዎች ግን በአብዛኛው የሏቸውም። ደራሲው የጻፈው እውነት ስለ መሆኑ በውል ላይ ይፈርማል፤ የአሳታሚው ጠበቃም ረቂቁን የሚያነበው በዋናነት በስም ማጥፋት የሚከስ ሰው ይኖር እንደ ሆነ ለማየት ነው። ጄምስ ፍሬይ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ማስታወሻ ሦስት ወር ያህል እንደ ታሰረ ጽፎ ነበር፤ በ2006 መጀመሪያ አንድ የምርመራ ድረ ገጽ የፖሊስ መዝገብ አገላብጦ እስሩ የጥቂት ሰዓታት ብቻ እንደ ነበረ አጋለጠ። አሳታሚው ተታለልን ላሉ አንባቢዎች ገንዘባቸውን ለመመለስ ተስማማ፤ ባለ ጠንካራ ሽፋኑን የገዛ ሰው ገጽ 163ን ቀዶ መላክ ነበረበት። በ2008 ደግሞ ማርጋሬት ሴልትዘር በሎስ አንጀለስ በወሮበሎች ሰፈር በማደጎ እንዳደገች አድርጋ የጻፈችው ታሪክ ፈጠራ መሆኑን ለአሳታሚው ደውላ የነገረችው የገዛ እኅቷ ነበረች፤ የእኅቷን ፎቶግራፍ በጋዜጣ ላይ ያየችው መጽሐፉ ገበያ ላይ ሲወጣ ነው። ስለዚህ እዚያም ቢሆን እንደ አክስቴ ያለ የቤተሰብ ሰው እስኪናገር የሚያጣራ አልነበረም።

ልዩነቱ ያለው ከታተመ በኋላ ነው። እዚያ የፖሊስና የፍርድ ቤት መዝገብ ጠይቆ የሚያገኝ ጋዜጠኛ አለ፤ መጽሐፉን ከገበያ የሚሰበስብ አሳታሚም አለ። በአውሮፓም ቢንያሚን ቪልኮሚርስኪ የተባለ የስዊዘርላንድ ሰው በሕፃንነቱ ከናዚ ማጎሪያ እንደ ተረፈ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተመው ማስታወሻ ሲጠረጠር፣ የመጽሐፉ ወኪል የነበረው ድርጅት ራሱ የታሪክ ባለሙያ ቀጥሮ እንዲመረመር አደረገ፤ ባለሙያውም ታሪኩ ሐሰት መሆኑን አረጋገጠ። ዘግይቶ የመጣ ቢሆንም ይህን ድርጊት አከብረዋለሁ።

እኛ ዘንድ አብዛኛው ግለ ታሪክ የሚወጣው በደራሲው ኪስ ነው። ማተሚያ ቤቱ ገጽና ኮፒ ቆጥሮ ያስከፍላል፤ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ለመጽሐፉ መለያ ቁጥር ይሰጣል እንጂ ይዘቱን አይመረምርም። ሊመረምርም አይገባም፤ የቅድመ ምርመራው ዘመን የሚጠብቀው የመንግሥትን ጥቅም እንጂ እውነትን እንዳልነበረ እናስታውሳለን፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም ይህን አሠራር ከልክሏል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2044 ስም ማጥፋትን ሲደነግግ የሚናገረው በሕይወት ስላለ ሰው ነው፤ አሜሪካም ቢሆን ለሟች ስም መክሰስ በአጠቃላይ አይቻልም። በደርግ ዘመን ትዝታዎች ውስጥ የሚወቀሱት ሰዎች ግን ብዙዎቹ በሕይወት የሉም።

እንግዲህ ከደራሲው ሌላ በመጽሐፉ ላይ ስማቸውን የሚያኖሩት አርታኢው፣ መቅድም ጸሐፊውና በጀርባ ሽፋኑ ላይ አስተያየት የሚሰጡት ሰዎች ናቸው። ደራሲው የመጀመሪያው ተጠያቂ መሆኑ አያከራክርም። የእኔ አቤቱታ እነዚህን የሚመለከት ነው፤ አንባቢ መጽሐፉን አንሥቶ መጀመሪያ የሚያነበው ጀርባውን ነውና። በዚህ መጽሐፍ ጀርባ ላይ አንድ የተማሩ ሰው «የዘመኑን እውነት ሳይቀባባ ያቀረበ» ብለው ጽፈዋል። ስልካቸውን አፈላልጌ ስጠይቃቸው ያነበቡት ስለ ልጅነት የሚያወራውን ክፍል ብቻ እንደ ነበረ በትሕትና ነገሩኝ። ክፋት የላቸውም። ነገር ግን ያላነበቡትን ገጽ «እውነት» ብለው መስክረዋል፤ የሟች ስም በሚነሣበት ጊዜ «ይህን ከማን ሰማህ? ቤተሰቡን ጠየቅህ?» ብሎ ደራሲውን መጠየቅ የእርሳቸው ሥራ ነበር። ለመጠየቅ ጊዜ ያጣ ሰው አስተያየቱን ቢተወው ማንንም አይጎዳም።

ደራሲውንም ፍራንኮ አካባቢ ከሚገኘው ቤታቸው ሄደን አገኘናቸው። አክስቴ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉላቸው። ሽማግሌው ቀኑን ሁለት ጊዜ አነበቡና ዝም ብለው ቆዩ፤ ከዚያም «እኔ በዓይኔ አላየሁም፤ ያኔ ሲወራ የሰማሁትን ነው» አሉ። በመጽሐፉ ውስጥ «ሲወራ ሰማሁ» የሚል ቃል የለም። ያችን አንዲት ሐረግ ጨምረው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንባቢው ወሬ መሆኑን ያውቅ ነበር።

ያልተሸጡት መጻሕፍት አልጋ ሥር በካርቶን ነበሩ። በማግስቱ የእርማት ጽሑፉን አብረን አዘጋጅተን ፎቶ ኮፒ ቤት አባዛነው፤ ደራሲው ራሳቸው ፈረሙበት። አክስቴ ከሰዓቱን ሙሉ መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፈው በኮላ ሲለጥፉ ዋሉ፤ ሽማግሌው ገጹን እየገለጡ ያቀብሏቸው ነበር። የተሸጡት በማን እጅ እንዳሉ አይታወቅም። ለወመዘክር የገባውን ቅጂ በተመለከተ ግን አንዲት የእርማት ወረቀት በፖስታ አሽጌ ይዣለሁ፤ ሐሙስ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ከመሄዴ በፊት አዲስ አበባ አድርሳታለሁ።