ልጅቷን ያስተማርናት

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ተቆጥቼ ነው፤ የቁጣዬ ትልቁ ድርሻ ግን በራሴ ላይ ስለሆነ ታግሣችሁ አንብቡኝ።

ከጥቂት ወራት በፊት በምሠራበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት አንዲት የመጨረሻ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለተግባር ልምምድ ተመድባ መጣች። የመጀመሪያ ቀኗ ነበር፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ የድጋፍ ደብዳቤዋን ይዛ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ደብዳቤው በገቢ መዝገብ ላይ ሰፈረ፤ ከዚያ ወደ ዳይሬክተሩ፣ «ይታይ» ተብሎበት ወደ ሰው ሀብት፣ «በእናንተ በኩል ይስተናገዱ» ተብሎበት ወደ እኛ ቡድን ተመራ። በክፍሎቹ መካከል ያለው ርቀት 40 እርምጃ አይሞላም፤ ልጅቷ ግን እስከ አምስት ሰዓት ኮሪደር ላይ ቆማ ዋለች። ቢሮክራሲ የሚለው ቃል በፈረንሳይኛ የጽሕፈት ጠረጴዛን ከሚያመለክተው «ቢሮ» እና አገዛዝ የሚል ፍቺ ካለው የግሪክ ቃል የተሰፋ ነው፤ የጠረጴዛ አገዛዝ እንደ ማለት። ያን ዕለት ጠዋት ጠረጴዛዎቹ ብቻቸውን ይገዙ ነበር፤ አብዛኞቻችን ፈርመን ወጥተናልና።

በመጨረሻ «እስኪ ለጊዜው መዝገብ ቤት ትቀመጥ» ተባለ። መዝገብ ቤት የመሥሪያ ቤት ሁሉ ትዝታ የሚቀመጥበት ክፍል ሆኖ ሳለ፣ እኛ ዘንድ ግን ምን እንደሚሠራ ያልታወቀ ሰው የሚላክበት ቦታ ነው።

ከሰዓት በኋላ አንድ አዛውንት መጡ። ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ ስናያቸው ስልካችንን የምናነሣባቸው ሰው ናቸው። ባለቤታቸው በዚሁ መሥሪያ ቤት በጽዳት ሠራተኛነት 22 ዓመት አገልግለው ያረፉ ናቸው። አዛውንቱ የሚፈልጉት ለጡረታ አበል የሚያቀርቡት የአገልግሎት ማስረጃ ብቻ ነበር፤ ማስረጃው የሚጻፈው ደግሞ ከሟቿ የግል ማኅደር ነው፤ ማኅደሩም «አልተገኘም»። ልጅቷ ይህን የሚያውቅ ስላልነገራት፣ ስማቸውን ጠይቃ፣ በወረቀት ላይ ጽፋ ወደ መደርደሪያዎቹ ገባች።

አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ አቧራ የለበሰ ማኅደር አቅፋ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። «ጋሼ፣ በሃሌታው ሀ መደርደሪያ አጣሁት። ምናልባት ስማቸው በሌላኛው ኀ ተጽፎ ይሆናል ብዬ ወደ ብዙኃኑ ሄድኩ፤ እዚያ ነበር» አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር። ወገኖቼ፣ አንዲት ሴት 22 ዓመት የጠረገችው ቤት ውስጥ የጠፋችው በአንድ ፊደል ምክንያት ነበር፤ እርሱም ተነሥቶ የሚፈልግ በመጥፋቱ ነው።

ቡድን መሪያችን ማኅደሩን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ከሦስት ወር በፊት «የተጠቀሰው የግል ማኅደር በመዝገብ ቤታችን ተፈልጎ ያልተገኘ መሆኑን እንገልጻለን» የሚል ደብዳቤ በፊርማውና በማኅተም ወጥቷል፤ ወጪ ቁጥርም ግልባጭም አለው። ያን ደብዳቤ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። «ተፈልጎ» የሚለውን ቃል ስጽፍ ከወንበሬ አልተነሣሁም ነበር።

«ይሄ አሁን ከወጣ ያኛው ደብዳቤ ምን ሊባል ነው?» አለ ቡድን መሪው፤ የጠየቀው እኔን ነው። እኔም ወደ ልጅቷ ዞሬ «ልጄ፣ ወደ ነበረበት መልሺው። ለአባባም መልሱ በደብዳቤ እንደተሰጣቸው ንገሪያቸው» አልኳት። ውሸት ተናገሪ እንዳላልኳት ልብ በሉልኝ፤ በዚህ ረገድ የሃያ ዓመት ልምድ አለኝ።

«ጋሼ፣ ተገኝቷል እኮ» አለች።

«ገና የመጀመሪያ ቀንሽ ነው፤ ትለምጂዋለሽ» አልኳት።

በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር የሆነውን ሰማሁ። ድምፅዋ አይሰማም ነበር፤ የእርሳቸው ግን ይሰማል። «ስለ ደከምሽልኝ አመሰግናለሁ፣ ልጄ» አሏት። ከዚያ የከዘራቸው ድምፅ በደረጃው ላይ እየራቀ ሄደ።

ይህን ነው ይቅር ልለው ያልቻልኩት። ጉቦ አልተበላበትም፤ አዛውንቱን የሚጠላ ሰውም አልነበረም። አንድ ደብዳቤ እንዳይታረም ብለን ብቻ ሰውን በደልን፤ በደሉንም የምትፈጽመውን እጅ ከመካከላችን ንጹሕ ከሆነችው ልጅ ተዋስን! በ1948 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 21 ሰው ሁሉ በአገሩ የሕዝብ አገልግሎት በእኩልነት የማግኘት መብት አለው ይላል። የእኛ አዛውንት ያገኙት በር ላይ ቆሞ ማመስገንን ነው።

እናንተም ብትሆኑ ከዚህ ነገር ንጹሐን አይደላችሁም። ልጃችሁ ማታ አዝና ስትገባ «አርፈሽ ልምምድሽን ጨርሺ፣ ሰው አታስቀይሚ» የምትሉ ወላጆች፣ ተማሪ ልካችሁ አንድ ቀን እንኳ መጥታችሁ ምን እየተማረች እንደሆነ የማትጠይቁ መምህራን፣ ወረፋው ላይ የቆመውን አልፋችሁ «ሰው አለኝ» ብላችሁ የምትገቡ ባለጉዳዮች፣ ያቺን ልጅ አብረን ነው ያስተማርናት።

ደግሞም ተማረች። በሁለተኛው ወር አካባቢ አንዲት ሴት ወደ ጠረጴዛዋ ቀርበው ሲጠይቋት፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ «ነገ ይምጡ» ስትላቸው ሰማኋት። ድምፁ የእኔ ነበር፤ ቃሉም አነጋገሩም። ልምምዷን ስትጨርስ የምዘና ቅጿን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ «ከሥራ ባልደረቦች ጋር ተግባብቶ የመሥራት ችሎታ» በሚለው ረድፍ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። ፖስታውን አሽጌ ስሰጣት አመሰገነችኝ፤ እንደ አዛውንቱ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን እንቅልፍ አጣሁ ብል ማጋነን ይሆናል፤ አንድ ሌሊት ግን አጥቻለሁ። በማግሥቱ ወደ ብዙኃኑ ኀ መደርደሪያ ሄጄ ማኅደሩን አወጣሁ፤ የአገልግሎት ማስረጃውን አረቀቅሁ፤ ቀደም ሲል የተጻፈው ደብዳቤ ስሕተት እንደነበረና አርቃቂውም እኔ እንደነበርኩ የሚገልጽ ማስታወሻ አያያዝኩበት። ወገኖቼ፣ የምለምናችሁ ከዚህ የበለጠ አይደለም፤ በየጠረጴዛችሁ ላይ እንዲህ ያለ አንድ ደብዳቤ አይጠፋምና እርሱን ፈልጋችሁ አርሙት። ሰኞ ሌሎች ሦስት ተለማማጆች ይመጡብናል፤ እስከዚያ ቢፈረም ለአዛውንቱ ስልክ የምትደውለው ከእነርሱ አንዷ ብትሆን እወድ ነበር።

ወረቀቱ ቡድን መሪው ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ጠዋት ሳልፍ ሌሎች ማኅደሮች ተጭነውበት አየሁ፤ አወጣሁና ከሁሉም በላይ አስቀመጥኩት።