ሚስትየዋ ትጻፍ ወይስ ትቆይ?

ብሔራዊ ትያትር ጀርባ ባለች ማኪያቶ ቤት ሦስት ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት ሲጨቃጨቁ ማኪያቷቸው ቀዘቀዘ። አንደኛው የሰነድ ትርጉም ቤት ያላቸው ጋሼ፣ ሁለተኛዋ ወጣት ጠበቃ፣ ሦስተኛው የታክሲ ሹፌር ነው። የጭቅጭቁ ባለቤት እዚያ የለም። ከአስመራ ተሰዶ አዲስ አበባ የሚኖር ወጣት ነው፤ ካናዳ ያለው አጎቱ አራት ሰው ጨምሮ፣ አምስት ሆነው በስደተኛነት ካናዳ እንዲገባ ስፖንሰር አድርገውታል። ማመልከቻው ሲገባ ላጤ ነበር። አሁን ሚስት አለችው፣ ኢትዮጵያዊት። የሁለት ወር ልጅም አላቸው። የሜዲካል ቀጠሮው ደግሞ ደርሷል። ጥያቄው ሚስቱንና ሕፃኑን ፋይሉ ላይ ያስመዝግብ ወይስ ዝም ብሎ ይሂድ ነው።

«ዝም ብሎ ይሂድ» አለ ሹፌሩ። «አሁን አግብቻለሁ ቢል ፋይሉ ይቆምበታል። ገብቶ ወረቀቱን ከያዘ በኋላ ይጠራታል። ደግሞስ እሷ አገሯ ላይ ያለች ሰው በምን ሒሳብ ስደተኛ ተብላ ትሄዳለች?»

ጠበቃዋ ከመጨረሻው ጀመረች። ስደተኝነቱ የሚመረመረው ዋናው አመልካች ነው፤ ሚስትና ልጅ የሚጠየቁት ዝምድናቸውን፣ ጤናቸውንና የወንጀል ማጣሪያውን ነው። ስለዚህ የሚስትየዋ ዜግነት አያግዳትም። ሕፃኑም በእናቱ ኢትዮጵያዊ መሆኑ አያግደውም። «የሚያግዳቸው ያንተ ምክር ነው» አለችው። የካናዳ የኢሚግሬሽን ደንብ አንቀጽ 117 እንደሚለው፣ አንድ ሰው ቋሚ ነዋሪ ሆኖ ሲገባ ያላስታወቀውን፣ በዚህም የተነሣ ያልተመረመረውን የቤተሰብ አባል ኋላ በቤተሰብ መንገድ ሊጠራው አይችልም። ጊዜ ቢያልፍም እገዳው አይነሣም።

«እሱ እኮ ተነሥቷል ይባላል!»

«አልተነሣም። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2019 ጀምሮ ለስደተኞችና ለጥቂት ሌሎች በጊዜያዊ ፖሊሲ ላላ እንጂ። ያውም ቢናገር ኖሮ የራሱ መግባት የማይበላሽበት ሰው ብቻ ነው የሚጠቀመው። ጊዜያዊ ነገር ላይ ሚስት ትንጠለጠላለች?»

ሹፌሩ «እንዳልተጋቡ ይቁጠሩት» ሊል ሞከረ። እሱም አይሆንም አለች ጠበቃዋ፤ ባይጋቡም አንድ ዓመት እንደ ባልና ሚስት አብረው ከኖሩ ካናዳ እንደ ቤተሰብ ነው የምትቆጥራቸው። ሕፃኑ ደግሞ ጋብቻ ኖረ አልኖረ ልጁ ነው። አየር ማረፊያ ሲደርስ የኢሚግሬሽን ሠራተኛው ከማስፈረሙ በፊት «የጋብቻህ ሁኔታ ተለውጧል? ሌላ ልጅ አለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። እዚያ ላይ «የለም» ካለ ውሸት ሆኖ ይመዘገባል፤ በሐሰት መረጃ የተያዘ ሰው ደግሞ ለ5 ዓመት ይታገዳል።

ጋሼ እስካሁን ዝም ብለው ነበር። «ልጄ፣ ሕጉን ልክ ነሽ፤ ግን የባልየው ፍርሃት ከንቱ አይደለም» አሏት። ፋይሉ ወደ ታች ባይመለስም ባለበት ቆሞ ይጠብቃል። የሜዲካል ውጤት የሚያገለግለው ለ12 ወር ነው፤ የእሷ ማጣሪያ ከዘገየ የእሱ ያልፍበትና እንደገና ይታዘዛል። ስፖንሰሮቹም ገንዘባቸውን ያሳዩት ለአንድ ሰው የአንድ ዓመት ኑሮ ነው። ለሦስት ሰው ዕቅዱን አስተካክለው እንደገና መፈረም አለባቸው፤ ከአምስቱ አንዱ «ለአንድ ነው የተስማማሁት» ካለ ጣጣ ነው። ሕፃኑ ቀላል ነው፤ ከ14 ዓመት በታች የጣት አሻራ አይጠየቅም። የሚያዘገየው የእናቱ አሻራ፣ የደረት ራጅና የወንጀል ማጣሪያ ነው።

ጠበቃዋ መሐለኛ መንገድ አላት፦ ሁለቱንም ማስመዝገብ፣ ግን «አብረው አይጓዙም» ብሎ። ከመነሣቱ በፊት ስማቸው ፋይሉ ላይ ከገባ፣ እሱ በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከቻ አስገብቶ ያስመጣቸዋል። ያች ዓመት ካለፈች ግን ነገሩ ወደ ተራው የቤተሰብ መንገድ ይሄዳል።

«ሰው የወንድሙን ልጅ ልጄ ብሎ ያስመዘግባል፣ እሱ የራሱን ይደብቃል» ብሎ ሳቀ ሹፌሩ። ጋሼ አልሳቁም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 በቤተሰብ መንገድ ባመለከቱ ስደተኞች ላይ ዲኤንኤ ስትሞክር፣ ናይሮቢ ተጀምሮ ወደ ኢትዮጵያም መጣ። ዝምድናው በሙሉ የተረጋገጠው ከ20 በመቶ ባነሱት ቤተሰቦች ነበር፤ ፕሮግራሙም እስከ 2012 ተዘጋ። ከቀሩት ውስጥ ብዙዎቹ ለምርመራው እንቢ ያሉ ወይም ያልቀረቡ ናቸው። (የሞተ እህቱን ልጅ አሳድጎ ልጄ የሚል ሰው በእኛ አገር ውሸታም አይባልም፤ ላቦራቶሪ ግን የጡት ልጅ አያውቅም። ያን ጊዜም መጻፍ የነበረበት የማደጎ ልጅ ተብሎ ነው።)

እኔ ለጠበቃዋ ነው የምፈርደው፤ ግን የጋሼ ሥጋት ተጨምሮበት። ካናዳ በአምስት ሰው የሚቀርብ አዲስ ማመልከቻ መቀበል ያቆመችው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 2024 ነው፤ አሜሪካም በ2026 የበጀት ዓመት የምትቀበለውን የስደተኛ ቁጥር ጣሪያ ወደ 7,500 አውርዳዋለች። ይህ ፋይል ከተበላሸ በቶሎ የሚተካው የለም። ባልየው በጽሑፍ፣ በስፖንሰሮቹ በኩል፣ ከሜዲካሉ በፊት ይናገር። ስፖንሰሮቹ ለሦስት ከፈረሙ አብረው ይሂዱ፤ ካልፈረሙ «አይጓዙም» ተብለው ይጻፉ። ሹፌሩ ያልቆጠረው አንድ ነገር አለ፦ ዝም የሚለው ባል ሲሆን የምትታገደው ሚስት ናት።

መጀመሪያ ግን ወረዳ ይሂዱ። ልደት የሚመዘገብበት ጊዜ 90 ቀን ነው፣ ሕፃኑ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። የጋብቻው 30 ቀን አልፏል፤ በዘገየ ምዝገባ ይስተናገዳል፣ የቤተ ክርስቲያን ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ትርጉም ላይ ጥር 1ን ጃንዋሪ 1 ብሎ የሚያልፍ አለ፤ የልደት ቀኑን ከፈረንጁ ጋር አስተያይተው ይቀበሉ። ጋሼ በየሳምንቱ የሚመልሱት ስሕተት ደግሞ ሌላ ነው፦ ስደተኛ መታወቂያው ላይ ስሙ «ተስፋይ» የሚል አባት፣ የሕፃኑ ልደት ካርድ ላይ «ተስፋዬ» ሆኖ ይመጣል። የጽሕፈት ሠራተኛዋ በአማርኛ ልማዷ ነው የጻፈችው፤ ቪዛ ቢሮ ግን ሁለት ሰው ያደርገዋል። መታወቂያውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ ፊደል በፊደል ያስጽፋት፤ «ዬ» ካየ ሳይፈርም ይመልስላት።