ኮዱ ክፍት ነው፤ ፈራሚውስ ማን ነው?

ባለፈው ሰሞን ከአንድ ወዳጄ ጋር ቡና ላይ ተከራከርን። ፕሮግራመር ነው፤ ኦፕን ሶርስ ከተባለ ነፍሱን ይሰጣል። «የቦይንግ ኮድ ማንም የሚያነበው ክፍት ኮድ ቢሆን ኖሮ ያ አውሮፕላን አይወድቅም ነበር» አለኝ። የትኛው አውሮፕላን ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ በተነሳ በስድስት ደቂቃው ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ፣ የበረራ ቁጥር 302 ነው። 157 ሰው አለቀ። ከዚያ ከአራት ወር ትንሽ በላይ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሌላ ማክስ ወድቆ 189 ሰው ሞቷል። ሁለቱንም አፍንጫቸውን ወደ ታች ደጋግሞ የደፈቃቸው ኤምካስ የሚባለው ሶፍትዌር ነው።

ግን ኤምካስ ያደረገው የታዘዘውን ነው፤ አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ያለ ሲመስለው ወደ ታች መድፈቅ። አውሮፕላኑ ክንፉ ነፋሱን የሚገጥምበትን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች አሉት። ኤምካስ የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር። ያ አንዱ ሲዋሽ አብሮት ዋሸ። የአውሮፕላን ነገር የማያውቅ ጎበዝ ፕሮግራመር ኮዱን ሌሊቱን ሙሉ ቢያነበው «ንጹህ ነው» ብሎ ሊተኛ ይችላል።

አንድ ነጥብ ግን ለወዳጄ እሰጠዋለሁ። ከኢንዶኔዥያው አደጋ በፊት አብራሪዎቹ ኤምካስ የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ አያውቁም ነበር። ማኑዋላቸው ላይ አልተጻፈም። ኮዱ ክፍት ቢሆን ቢያንስ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም።

የወዳጄ ዋና መከራከሪያ «ሺህ ዓይን የሚያየው ኮድ ስህተቱ አይደበቅም» የሚል ነው። እስቲ ሺህ ዓይን ያለበትን አንድ ቦታ እንይ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው።) በመጋቢት 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት ኢንጂነር ሊኑክስ በሚባለው ክፍት ኮድ የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ሌላ ነገር ይሞክራል። ከርቀት ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይዘገይበታል። ግማሽ ሰከንድ! እኔ ብሆን ኔትወርኩን ረግሜ ሥራዬን እቀጥል ነበር። እሱ ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ያለ ይመስል ፈልፍሎ ፈልፍሎ ኤክስዚ የሚባል ፋይል ዚፕ የሚያደርግ ትንሽ ፕሮግራም ውስጥ የተደበቀ የጓሮ በር፣ ማለትም ያልተፈቀደለት ሰው ሰርጎ የሚገባበት ቀዳዳ፣ አገኘ። በሩን ያስገባው ራሱን ጂያ ታን ብሎ የሚጠራ «በጎ ፈቃደኛ» ነው። ከሁለት ዓመት በላይ በትህትና ሲያግዝ፣ ሲታመን፣ በመጨረሻም የፕሮግራሙን ቁልፍ፣ ኮዱን የመቀየር ሥልጣኑን፣ ሲረከብ ቆይቷል። ቁልፉን ያስረከበው ሰው ፕሮግራሙን ለብቻው ያለ ደመወዝ ሲጠብቅ የኖረ፣ የደከመው ሰው ነበር።

ኮዱ ከመጀመሪያውም ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው። በ2014 የተሰማው ሃርትብሊድ የተባለው የደህንነት ቀዳዳም እንዲሁ ክፍት ኮድ ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ነበር። ሁሉም «ሌላው አይቶታል» ብሎ ያልፋል።

የአውሮፕላን ሶፍትዌር ሕግ የሚጠላው ይህንን ነው። ዲኦ-178ሲ በሚባለው መመዘኛ የሰው ሕይወት ያለበት ኮድ እያንዳንዱ መስመር ለምን እንደተጻፈና በምን እንደተፈተሸ ይጠየቃል። የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሥርዓቱ እምብርት፣ ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ነው። መልስ የሚሰጥ ከየት ይመጣል? የሊኑክስ ፋውንዴሽን ከ2019 ጀምሮ ኤሊሳ በሚል ፕሮጀክት ሊኑክስ የሰው ሕይወት ባለበት ሥራ ላይ የሚውልበትን መንገድ እየፈለገ ነው። ሊኑክስ ማርስ ላይ ሄሊኮፕተር አብርሯል፤ ለ5 በረራ የታሰበችው ኢንጀኒዩቲ 72 ጊዜ በራለች። ውስጧ ግን ሰው አልነበረም።

ትንሽ ኮድ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች ሴል ፎር የሚባል አስር ሺህ መስመር ገደማ የሆነ ከርነል ጽፈው፣ ከተሰጠው መመሪያ ፈጽሞ እንደማይወጣ በ2009 በሂሳብ አረጋገጡ። በ2014 ክፍት አደረጉት። ልብ በሉ፣ የተረጋገጠው መመሪያውን መከተሉ ነው። ኤምካስ በዚህ መንገድ ቢጻፍ ኖሮ በሂሳብ የተረጋገጠ ስህተት ይሆን ነበር።

እኔን ያሳመነኝ የስኳር ታማሚዎቹ ታሪክ ነው። ዴና ሉዊስ የተባለች አሜሪካዊት የስኳር መለኪያዋ ማንቂያ ድምፁ አነስተኛ ስለሆነ እንቅልፍ ላይ ሳለች አይቀሰቅሳትም ነበር። ስኳሯ ሌሊት ቢወርድ ላትነቃ ትችላለች። ከጓደኞቿ ጋር መለኪያውንና የኢንሱሊን ፓምፑን በትንሽ ኮምፒውተር አገናኘች። በ2015 አሠራሩን ለማንም በነጻ ለቀቁት። በጣም የወደድኩት አንድ ነገር አለ፤ ኮምፒውተሩ ለፓምፑ የሚሰጠው ትእዛዝ ቢበዛ ለግማሽ ሰዓት ነው። ባትሪ ቢያልቅ፣ ግንኙነት ቢቋረጥ፣ ፓምፑ ሐኪም ወደወሰነለት መጠን በራሱ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ኮድ የሚጽፈው ማታ ያንኑ ዕቃ ወገቡ ላይ አስሮ የሚተኛ ሰው ነው።

ያም ሆኖ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ፣ በራሱ ኃላፊነት ነበር የሚሠራው። ቲድፑል የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሉፕ የሚባለውን ተመሳሳይ ክፍት ፕሮግራም ወስዶ ፈተሸው፣ መዘገበው፣ በራሱ ስም ፈረመበት። በጥር 2023 የአሜሪካው የመድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ፈቀደለት። ኮዱ አሁንም ክፍት ነው። አንድ ነገር ቢበላሽ ግን የሚጠየቅ አለ።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «አክስትህ ስኳር አለባት አይደል? ፓምፕ ግዛላት ብትባል የተዘጋውን ነው ክፍቱን የምትገዛው?» አለኝ።

«ክፍቱን» አልኩት። «ሌሊት ስደውል ስልክ የሚያነሳ ካለው።»