የሻምበል እንቁላል

በቀቀን ያለበት ቤት እንግዳ ሆኖ መሄድ ደስ ይላል። ባለቤቶቹ የሚደብቁትን ወፉ ያወራዋል። ገና ቡናው ሳይቆላ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ሌሊት እንደሚያንኮራፋ፣ የሞርጌጅ ሰዎች ስንት ጊዜ እንደደወሉ ትሰማለህ። እኛ ደግሞ ገመናችንን ከወርቃችን አስበልጠን የምንጠብቅ ሰዎች ነን። እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ይሉኝታ የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ወፍ ማስገባት ትልቅ ድፍረት ነው።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ይህን ድፍረት የፈጸምን ጥቂት ሐበሾች አለን። እሑድ ከሰዓት በኋላ አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። ማኅበር አይደለም። ሊቀ መንበር የለውም፣ ገንዘብ ያዥም የለውም። በዚህም ምክንያት እስካሁን ለሁለት አልተከፈለም።

የምንጠራራው በወፎቻችን ነው። የሻምበል አባት፣ የሻምበል እናት፣ የማሚቴ እናት፣ የጎረምሳው አባት። የእኔ ኮካቲል ነው፤ ከአውስትራሊያ የተገኘ ትንሽ ወፍ፣ ጉንጩ ላይ ብርቱካንማ ክብ ያለው። ማፏጨት ይችልበታል፤ ወሬ ላይ ግን ደካማ ነው። ስለዚህ እሑድ እሑድ አፉን ያልፈታ ልጅ እንዳለው ወላጅ እጠየቃለሁ። “ያንተስ? አሁንም ምንም አላለም?” “አላለም።” “አይዞህ፣ ይናገራል።” አንዳንዴ ባይናገር ይሻላል እላለሁ በሆዴ። ለምን እንደምል ከዚህ በታች ያለውን አንብባችሁ ፍረዱ።

በሻምበል እንጀምር። ሻምበል የአፍሪካ ግራጫ በቀቀን ነው። መላ ሰውነቱ አመድማ፣ ጭራው ደማቅ ቀይ። አባቱ የቀድሞው ጦር ባልደረባ ናቸው፤ ከሠራዊቱ የወጡት በመቶ አለቅነት ነው። ወፉን ለምን ከራሳቸው አንድ ማዕረግ ከፍ አድርገው እንደሾሙት ደፍሮ የጠየቀ የለም። ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ጠዋት ሻምበል ከሽቦ ቤቱ ጥግ ተሸጉጦ ተገኘ። ቢያባብሉት አልነሳ አለ። ገፋ ሲያደርጉት ከሥሩ ነጭ እንቁላል።

የግራጫ በቀቀን ወንድና ሴት በዓይን ብዙም አይለዩም። እርግጠኛ ለመሆን ከላባ ወይም ከደም ናሙና ተወስዶ ይመረመራል። ወንድ አጠገቧ ባይኖርም ሴቷ እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ አይፈለፈልም እንጂ። ይህን ሁሉ የማሚቴ እናት በስልክ አስረዳቻቸው። እሳቸው የሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነው። “እና ይሄን ሁሉ ዘመን አታለለችኝ?” ሁለት እሑድ ቀሩ። በሦስተኛው መጡ። ማዕረጓን አልገፈፏትም። “ሹመት በፆታ አይደለም” አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ሻምበል ታዲያ የስልክ ሰላምታ ከዳር እስከ ዳር ታውቃለች። “ሃሎ? አቤት! እንዴት ነሽ? ደህና ነሽ? ልጆች ደህና ናቸው? ሥራ እንዴት ነው? ተመስገን። ተመስገን ነው። እሺ። እሺ እሺ። በቃ እሺ። ቻው፣ ቻው ቻው ቻው።” በየመሐሉ ወዲያኛው ሰው እስኪመልስ ፀጥ ትላለች፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። ከሰላምታው ቀጥሎ ሊወራ የሚገባው ቁም ነገር ግን የለም። ሻምበል ዘልላው አይደለም። መጀመሪያውኑም አልነበረም።

የማይረባ ነገር ደጋግሞ የሚያወራ ሰው “እንደ በቀቀን” ይባላል። በቀቀኖች አማርኛ ቢያነቡ በስም ማጥፋት ይከሱን ነበር። ወፉ ያገኘውን ሁሉ አይዝም። ይመርጣል። ስሜት ያለበትን፣ ጮክ ተብሎ የተነገረውን፣ ሰው የሳቀበትን ይይዛል። “እግዚአብሔር ይስጥልኝ”ን ለማስተማር ወር ይፈጃል። በር ሲቆነጥጥህ ያመለጠችህን ቃል ግን ወዲያው ይቀልባታል። እ.ኤ.አ. በ2020 እንግሊዝ አገር፣ ሊንከንሻየር ውስጥ ባለ የእንስሳት ፓርክ 5 ግራጫ በቀቀኖች ጎብኚ እየተሳደቡ ስላስቸገሩ ተለያይተው እንዲቀመጡ ተደርጓል። አንዱ ሲሳደብ ሌላው ይስቃል፤ ጎብኚውም ይስቃል፤ ወፎቹ ይብስባቸዋል። ይሄ በቀቀን ላይ ብቻ የሚታይ ጠባይ ቢሆን ኖሮ ዩቲዩባችን ዛሬ ፀጥ ያለ ሰፈር በሆነ።

ሻምበል ያደረገችውን ልንገራችሁ። የንስሐ አባታቸው ሳይደውሉ መጡ። ደወሉን ተጫኑ። ባልና ሚስት ጓሮ ናቸው፣ አልሰሙም። ከሳሎን ግን በእመቤቲቱ ድምፅ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ መልስ መጣ። “መብራቱን አጥፋው! የሉም ብለው ይሄዳሉ!” አባ ደገሙና ተጫኑ። “ዝም በል አልኩህ!” አለች ሻምበል። በኋላ በሩ ሲከፈት የሻምበል እናት የሚገቡበት ጠፋቸው። አባ ግን ሳቁ። ወፏን አዩና “ይቺ ንስሐ አያስፈልጋትም፤ የሰማችውን ነው የመሰከረችው” አሉ። የሻምበል እናት ይህን ሲያወሩልን እስካሁን ፊታቸው ይቀላል።

ጎረምሳው ደግሞ አማዞን የሚባል አረንጓዴ በቀቀን ነው። አባቱ ኡበር ይነዳል። ወፉ የጥሪዋን ድምፅ ለቅሞ ይዟታል። ሰውዬው ምሳ ሊበላ ሲቀመጥ ጎረምሳው ይጠራል። ጫማውን ያጠልቃል፣ ስልኩን ያያል፣ ምንም የለም። “አፑ ይሻላል፤ ቢያንስ ይከፍለኛል” ይላል።

አንድ እሑድ ይኼው ጎረምሳ ጠረጴዛ ላይ ተለቆ ነበር። ከአዲስ አበባ ሰሞኑን የገባ የሥጋ ዘመድ አለ። “እኔን ቃሪያ አያቃጥለኝም” ከሚሉት ወንዶች አንዱ ነው። ጎረምሳው ከሳህኑ አንድ ቃሪያ አነሳ። የበቀቀን እግር ሁለት ጣት ወደፊት፣ ሁለት ጣት ወደኋላ ነው፤ እንደ ልቡ ይጨብጥበታል። ቃሪያውን ቀጥ አድርጎ ያዘ። ጫፉን ቆረጠና ጣለ። ጎኑን ሰነጠቀ። ከዚያ ያንን ፍሬውን፣ እኛ በማንኪያ ጠርገን የምንጥለውን፣ አንድ በአንድ እየለቀመ ቆረጠመ። ዘመዳችን አየና ነገሩን እንደ ግጥሚያ ቆጠረው። እሱም አንድ አነሳ፤ ከነፍሬው። ጎረምሳው ሁለተኛ አነሳ። ዘመዳችንም ሁለተኛ አነሳ። ሦስተኛው ላይ ግንባሩ ወዛ፣ አፍንጫው ፈሰሰ፣ ዓይኑ ተንቆረዘዘ። ወፉ መንቁሩን በጠረጴዛ ልብሱ ጠረገና አራተኛ ፈለገ።

ሚስጥሩ ቀላል ነው። እኛን የሚያቃጥለን የቃሪያው ቅመም ወፎችን አያቃጥላቸውም። በዱር ውስጥ ፍሬውን ውጠው ዘሩን የሚበትኑት እነሱ ናቸው። ይህን ለዘመዳችን ማንም ሊነግረው አልፈለገም። “ጉንፋን ይዞኝ ነው” አለ እየሳለ፣ እንባውን እየጠረገ። ጎረምሳው ሳሉን ወደዳት። ይኸው እስከ ዛሬ ቃሪያ ባየ ቁጥር ይስላል።

የሚከለከሉት ሌሎች ነገሮች ናቸው። አቮካዶ ይገድላቸዋል። ቸኮሌት፣ ሽንኩርት፣ ቡና አይሆኑም። የማይጣበቀው መጥበሻ ከመጠን በላይ ሲግል የሚወጣው ጢስ ለእኛ አይታየንም፤ ወፍ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይሞትበታል። ከሁሉ የከፋው ጦርነት ያለው ዕጣን ላይ ነው። የወፍ ሳንባ አየር አጥርቶ የመሳብ ኃይሉ ከእኛ ይበልጣል፤ ጢሱንም እንዲሁ አጥርቶ ይስበዋል። እና እማማን፣ ከሀገር ለጉብኝት የመጡትን፣ “ለወፉ ሲባል ዕጣን አይጨስም” በሏቸዋ! የማሚቴ እናት ሞክራለች። እናቷ ረከቦቱን ዘርግተው፣ ጉዝጓዙን አስነጥፈው፣ ቀና ብለው አዩዋት። “ልጄ፣ እኔ ከወፍ በታች ነኝ?” ስምምነቱ ከብዙ ሽምግልና በኋላ ተገኘ። ማሚቴ መኝታ ቤት ትዘጋለች፣ መስኮት ይከፈታል። ጥር ላይ። አሁን የሚበርደው እኛን ነው።

ፊልምም እናወራለን። ወፍ ያለበት ፊልም ሲገኝ ተሰብስበን እናያለን። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን “ሪዮ”ን ያየን ቀን የጎረምሳው አባት አለቀሰ። ሚኒሶታ ውስጥ፣ ቤት ውስጥ ያደገ፣ ማካው የሚባል ሰማያዊ በቀቀን ነው ባለታሪኩ፤ መብረር አያውቅም፤ ከዘሩ የቀረችውን ሴት ሊያገኝ ብራዚል ይሄዳል። “ይሄ እኮ የኔ ልጅ ነው!” አለ ሰውየው። ወፉን ማለቱ መስሎን ነበር። የወለደውን ልጁን ማለቱ ነው፤ አምና አዲስ አበባ ወስዶት ልጁ ለሁለት ሳምንት ከአያቱ ቤት አልወጣም። የዚህ ወፍ ዘር፣ የስፒክስ ማካው፣ እውነተኛ ታሪክ ግን ከፊልሙ ይከፋል። በ2019 ከዱር መጥፋቱ ታወጀ። በ2022 ሰው እጅ ከተፈለፈሉት መካከል 8ቱን ብራዚል፣ ባሂያ ውስጥ ወደ ጫካ ለቀቋቸው። የሻምበል አባት ይህን ሲሰሙ “ተመላሽ ዲያስፖራ” አሏቸው።

ማሚቴም የፊልም ሰው ናት። ወደ አማርኛ በተመለሰ የቱርክ ድራማ ነው ያደገችው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሲቃ በተናነቀው ድምፅ፣ “ለምን? ለምን እንዲህ አደረግክብኝ?” ትላለች። ጎረቤቷ ፈረንጅ አማርኛ አትችልም፤ ልቅሶ ግን ትችላለች። አንኳኩታ ገባች። የማሚቴ እናት ብቻዋን እንደምትኖር ብትነግራትም አላመነቻትም። ከሶፋው ጀርባ ባል ፈለገች።

የማሚቴ እናት ወፍ ማሳደግ የተማረችው ኩዌት ነው። እዚያ ግራጫውን በቀቀን ካስኮ ይሉታል። የሠራችበት ቤት ካስኮ ነበር፤ የሚያጥበውም የሚያበላውም እሷ ናት። ካስኮ በማዳም ድምፅ “ታዓሊ!” ይላል። ነይ ማለት ነው። እጇን አራግፋ ትሮጣለች። ማዳም የለችም። “ማዳም እንኳ ትተኛለች” ትላለች። “ካስኮ ግን አይተኛልኝም ነበር።” ዕቃ ስታጥብ “ወይ እናቴ” የማለት ልማድ ነበራት። አንድ ቀን ማዳም ጠራቻት፤ የእውነተኛዋ። “ይሄ ወፍ ቀኑን ሙሉ ‘ወይ እናቴ’ ይላል። ምን ማለት ነው?”

“ምን አልሻት?” አልናት።

“ደስ ብሎኛል ማለት ነው አልኳት።”

ትንሽ ዝም ተባለ። ከዚያ የሻምበል እናት ቆሎውን አዞሩ።

የሰው ወሬ ሲከብድ ወደ ወፍ መመለስ ደንባችን ነው። የጎረምሳው አባት የአሌክስን ታሪክ አነሳ። ዶክተር አይሪን ፔፐርበርግ እ.ኤ.አ. በ1977 ቺካጎ ከአንድ የእንስሳት ሱቅ የገዙት ግራጫ በቀቀን ነው። ሠላሳ ዓመት አስተማሩት። ቀለም ይለያል፣ ቅርጽ ይለያል፣ እስከ ስድስት ይቆጥራል። በ2007 ሞተ። ከመሞቱ በፊት በነበረው ምሽት ሲሰነባበቱ እንደወትሮው ደህና ሁኚ፣ እወድሻለሁ፣ ነገ እንገናኛለን ብሏቸው ነበር።

የሻምበል እናት ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። “ሰማህ? ወፍ ነው እንግዲህ።”

“እኔ እስከ ስድስት ብቻ አይደለም የምቆጥረው” አሉ እሳቸው።

ከሁሉም የሚያስቀኝ ዋጋው ነው። አንድ ግራጫ በቀቀን እዚህ ከ2 ሺህ ዶላር በላይ ይሸጣል። አዲስ አበባ ያደግነው ሰዎች የራሳችን በቀቀኖች ነበሩን። ያቺ አረንጓዴ፣ አጭር ጭራ፣ ወንዱ ግንባሩ ላይ ቀይ ያለበት፣ ጠዋት ጠዋት ከጽድ ጽድ እየተንጫጩ የሚበሩት። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ በዱር አይገኙም። እኛ ምን አደረግናቸው? በላስቲክ ወነጨፍናቸው። አሁን ከኮንጎ ጫካ ለመጣ ዘር ክፍያ በወር እንከፍላለን።

የመጨረሻው እሑድ ጨዋታ ውርስ ነበር። ግራጫ በቀቀን በደንብ ከተያዘ ከ40 እስከ 60 ዓመት ይኖራል። የሻምበል አባት ሰባን አልፈዋል። ሻምበል ገና ወጣት ናት። ማን ይውሰዳት? ሀገር ቤት ትላክ ያለ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ግራጫ በቀቀን በዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ውስጥ ስለገባ ድንበር ለማሻገር የሚጠየቀው ወረቀት ከእኛ ቪዛ አይተናነስም። ለዕድሩ ትሰጥ ያለም ነበር። “ዕድር ይቀብራል እንጂ አያሳድግም” ተባለ።

እዚሁ የተወለደው ልጃቸው ተጠራ። ከምድር ቤት ወጣ። አማርኛው ከሻምበል አማርኛ ያንሳል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ አንናገርም።

“ሻምበልን እወስዳለሁ” አለ። “ቤቱን ከሰጠኸኝ።”

አባት “ሰጠኸኝ” የምትለዋን አንተታ ዋጡ። “ቤቱ ገና የ18 ዓመት ዕዳ አለበት።”

ልጁ አሰበበት። “እንደዛ ከሆነ ለእህቴ ስጣት።”

ለእህቱ ተደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሳችም።

“ቁጥራችንን አይታ ነው” አሉ የሻምበል እናት።