20 ጊዜ መጻፍ በቃል መያዝ አይደለም

ባሕር ዳር የሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሰሞኑን ለወላጆች በላከው ደብዳቤ ሳምንታዊውን የእንግሊዝኛ ቃላት ፈተና ማስቀረቱን አስታውቋል። ከእንግዲህ ተማሪው እያንዳንዱን አዲስ ቃል ከነፍቺው 20 ጊዜ በደብተሩ ጽፎ ይመጣል። የተሰጠው ምክንያት ሁለት ነው፦ ፈተና ልጆችን ያስጨንቃል፤ መደጋገም ደግሞ የቆሎ ተማሪው፣ የአባቶቻችን ዘዴ ነው።

ከሁለተኛው ልጀምር። ይህን ጎጃም ምድር ላይ ተቀምጦ መጻፍ ያሳፍራል። የቆሎ ተማሪ መቼ ነው አንድ ቃል 20 ጊዜ የገለበጠው? የቃል ትምህርት የሚካሄደው ሲመሽ፣ ፊደል በማይታይበት ሰዓት ነው። ቅኔ ቤት ግስ የሚያጠና ልጅ ያጠናውን መምህሩ ፊት ያለ መጽሐፍ ይወጣዋል። ከሳተ እዚያው ይታረማል፤ ካልሄደለት እንደገና ይመለስበታል። የያዘውን በየዕለቱ ከአእምሮው አውጥቶ እያሳየ ነው የሚያድገው፤ የዚህ ስሙ ደግሞ ፈተና ነው። ትምህርት ቤቱ ለመገልበጥ ምስክር ብሎ የጠራው ሥርዓት የሚመሰክረው ትምህርት ቤቱ ለሻረው ነገር ነው።

የ20 ጊዜውን ደብተር ገልጦ ያየ ሰው ጉዱን ያውቀዋል። «አይላንድ» የሚለው ቃል ተሰጠ እንበል፤ ደሴት ማለት ነው፣ መሃሉ ላይ የሚጻፍ ግን የማይነበብ «ኤስ» አለበት። ልጁ ቃሉን 20 ጊዜ አይጽፈውም። መጀመሪያ «አይ»ን ከላይ እስከ ታች 20 ጊዜ ይደረድራል፤ ከዚያ «ኤስ»ን፣ ከዚያ «ኤል»ን፣ እንዲህ እያለ ቁልቁል ይጨርሳል። ፍቺውንም እንደዚያው፦ 20 «ደ»፣ 20 «ሴ»፣ 20 «ት»። ገጹ ሞላ፣ እጁ ደከመ፣ ቃሉን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላሰበውም። በመስመር የሚጽፈው ደግሞ ከላይኛው መስመር እያየ ስለሚገለብጥ፣ አንዴ «ኤስ»ን ከዘለለ ስህተቱን እስከ መጨረሻው ይዞት ይወርዳል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጄፍሪ ካርፒኪና ሄንሪ ሮዲገር «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጡትን ሙከራ ማንም መምህር ሊያውቀው ይገባል። ለአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 40 የስዋሂሊ ቃላት ከነእንግሊዝኛ ፍቺያቸው ሰጡ፤ «ማሹዋ» ጀልባ፣ እንዲህ እንዲህ ያሉ። ተማሪዎቹ እያነበቡ እየተጠየቁ ቀጠሉ። አንድ ቃል አንዴ በትክክል ከተመለሰ በኋላ ግን ቡድኖቹ ተለያዩ። አንዱ ያንን ቃል ማንበቡን ትቶ መጠየቁን ቀጠለ፤ ሌላው መጠየቁን ትቶ ማንበቡን ቀጠለ፤ ሁለቱንም የቀጠለና ሁለቱንም የተወም ነበር። በዕለቱ ሁሉም 40ውን ቃል ችለዋል፤ ልዩነት የለም። ከሳምንት በኋላ ግን መጠየቃቸውን የቀጠሉት 80 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ መጠየቃቸው የተቋረጠው አንድ ሦስተኛ ገደማ ላይ ቀሩ። የያዙትን ቃል ደጋግሞ ማንበብ የጨመረላቸው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ቃሉን አጽንቶ ያቆየው ሳያዩ ማውጣቱ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ የሚቀጥለው ነው። ተማሪዎቹ ከሳምንት በኋላ ስንቱን እንደሚያስታውሱ አስቀድመው ሲጠየቁ፣ ሁሉም ቡድን ግማሽ ያህሉን ብሎ ገመተ። 80 የሚያመጣውም 33 የሚያመጣውም እኩል ተማምኗል። ስለዚህ «ልጄ እኮ ጽፎ ጽፎ ይዞታል» የሚል ወላጅ ማስረጃ አላቀረበም። ሲገለብጡ ቃሉ ዓይን ላይ ስላለ የታወቀ ይመስላል፤ ደብተሩ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል።

ጭንቀቱን በተመለከተ፦ ልጆችን የሚያስጨንቀው ከ10 የሚመዘገበው ማርክና ጮክ ተብሎ የሚነበበው ውጤት ነው። ማርኩን አንሱት፣ ጥያቄውን ተዉት። ከዚህ በላይ የምሰጠው ነገር የለኝም።

አሠራሩ ወጪ የለውም። ወረቀቱ ለሁለት ይታጠፍ፤ ግራው ላይ አማርኛው፣ ቀኙ ላይ እንግሊዝኛው፤ 10 ቃል ይበቃል። ልጁ ቀኙን ሸፍኖ ቃሉን መጀመሪያ ይናገር፣ ይጻፍ፣ ከዚያ ይግለጥ። ሳይሞክር ከገለጠ ልፋቱ ከንቱ ነው። የሳተው ላይ ነጥብ ያድርግ፤ ያገኘውንም አይጣለው፤ በነገው፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በወሩ ይመለስበት። ቅደም ተከተሉም ይቀያየር፤ አለበለዚያ ሰባተኛውን የሚያውቀው ከስድስተኛው ቀጥሎ ስለመጣ ብቻ ይሆናል። ሐይቅ፣ ወንዝ፣ ባሕርና ደሴትን በአንድ ቀን መስጠት ደግሞ እርስ በርስ ያደናግራቸዋል፤ በተለያየ ሳምንት ይበተኑ።

ማራራቁም ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 ባህሪክ የተባሉ አራት የአንድ ቤተሰብ አባላት በራሳቸው ላይ ለዓመታት ያካሄዱትን የባዕድ ቋንቋ ቃላት ጥናት ሲያወጡ፣ በ56 ቀን ልዩነት የተደረገ 13 ክለሳ በ14 ቀን ልዩነት ከተደረገ 26 ክለሳ ጋር እኩል መሆኑን አሳይተዋል። በግማሽ ልፋት ማለት ነው! 20ውን ድግግሞሽ በአንድ ማታ ማከማቸት የዚህ ተቃራኒ ነው። እነዚህ ልጆች 9ኛ ክፍል ሲገቡ ፊዚክሱንም ባዮሎጂውንም በእንግሊዝኛ ነው የሚማሩት፤ በየማታው የሚባክነው ሰዓት የእነሱ ነው።

ትምህርት ቤቱ በውሳኔው ከተማመነ ሁለት ክፍል ይምረጥ። ሁለቱም ያንኑ 20 ቃል ለእኩል ደቂቃ ያጥኑ፤ አንዱ እየገለበጠ፣ ሌላው እየሸፈነ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳይነገራቸው ይጠየቁ፤ የሁለቱም ክፍል ቁጥር ደግሞ እንደ መጀመሪያው ደብዳቤ ለወላጆች ይላክ።