መስከረምን ሳንጠብቅ እንኳን ደስ አላችሁ እንባባል

ሰሞኑን የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት ሁሉ አንድ ነገር ደጋግሞ እየሰማ ነው። «ገና ነው፣ ዋናው ፈተናው ነው።» ልጅቷ የምርቃት ገዋን ለብሳ ፎቶ ስትነሳ ይባላል። አባት ዘመድ ልጥራ ሲል ይባላል። ጎረቤትም «እስቲ ውጤቱ ይምጣና መስከረም ላይ እንመጣለን» ይላል። እኔ የተመራቂ እናት ነኝ፤ በዚህ አልስማማም። 12 ዓመት ተምሮ የጨረሰ ልጅ ደስታው አሁን ነው።

ስጋቱ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባት በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶ ማምጣት ግድ ሆኗል። ያን ዓመት ይህን ያሟሉት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ከፍ እያለ ነው፣ ተመስገን። ያም ሆኖ በ2017 ከተፈተኑት 585,882 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 48,929 ናቸው። ወላጅ ይህን ሰምቶ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ደግሶ፣ ሰው ጠርቶ፣ ኋላ ልጁ ሳይሳካለት ቢቀር የሰው አፍ ያስፈራል።

ነገር ግን ደስታውን ለዩኒቨርሲቲ ገቢዎች ብቻ ካስቀረነው፣ ከ100 ልጆች ከ90 የሚበልጡት አንድም ሰው «እንኳን ደስ አለህ» ሳይላቸው ከትምህርት ቤት ሊወጡ ነው። በ17 እና በ18 ዓመታቸው! ይህን ማንም ወላጅ ለልጁ አይመኝም።

እኛ የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚነሳበት አደባባይ አጠገብ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ። ልጄ ሁለተኛ ደረጃ የተማረችው ቃሊቲ ነው። ከከተማው ዳር ልጅ የሚያስተምር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ከቤት መውጣት አለ። የታክሲ ሰልፍ አለ። በክረምት ጭቃው፣ ማታ ደግሞ ጨለማው አለ። ሰልፉ ረዝሞ ያረፈደች ቀን ጥበቃው በር ይዘጋባታል። ከዚያ ስልክ ትደውልልኛለች፤ ድምጿ ብቻ ይበቃኛል።

መጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ሲዘጉ 6ኛ ክፍል ነበረች። ጥያቄው በቴሌግራም ይላካል። ቤታችን ውስጥ ኢንተርኔት የሚሠራው ስልክ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱንም አባቷ ሥራ ይዞት ይሄዳል። ማታ እስኪገባ ትጠብቃለች። እሱ እራት ሲበላ እሷ ከአጠገቡ ተቀምጣ ጥያቄውን በእጇ ደብተሯ ላይ ትገለብጣለች፣ ነገ ቀን እንድትሠራው። አንዳንዴ ባትሪው መሃል ላይ ያልቃል፣ መብራትም አይኖርም። ጠዋት አባቷ ከመውጣቱ በፊት ተነስታ የቀረውን ትጨርሳለች። ማንም ተነሺ አላላትም። ይህን የትኛው ፈተና ነው የሚለካው?

ፈተናው አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ኩረጃው መቆሙ ተገቢ ነው፤ የልጆቻችንን ትክክለኛ ደረጃ ማወቃችንም እንዲሁ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዝቅተኛው ውጤት የትምህርት ቤቶቻችንንም ጉድለት ነው የሚያሳየው። ቤተ ሙከራ ሳያይ ኬሚስትሪ የተማረ ልጅ ውጤቱ ሲወርድ ሸክሙን ብቻውን ለምን ይሸከማል? እኛ ማትሪክ በተፈተንንበት ዘመን ነጥብ ያልመጣላቸው ጓደኞቼ ሰው ላለማግኘት መንገድ ሲቀይሩ አይቻለሁ። ዛሬ አንዷ ጥሩ ልብስ ሰፊ ናት፣ አንዱ ጋራዥ አለው። ያ ሁሉ መሸማቀቅ ለምን አስፈለገ? አሁን ደግሞ ነጥብ ላልሞላላቸው የሚሰጥ የማካካሻ ትምህርት፣ ሬሜዲያል፣ አለ፤ ቴክኒክና ሙያ አለ። የሚያስፈልጋቸው ተስፋ ሳይቆርጡ ወደዚያ እንዲሄዱ ነው።

የምርቃቱ ዕለት በትምህርት ቤቱ ግቢ ድንኳን ተጥሎ ነበር። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው አባት ከአዳር ሥራ በቀጥታ መምጣቱ ያስታውቃል፤ የጥበቃ ካፖርቱን እንኳን አላወለቀም። የልጁ ስም ሲጠራ ብድግ ብሎ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። እልልታውን እኛ እናቶች አቀለጥነው። ያን ሰው ማን ነው «ገና ነው» የሚለው?

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። በምርቃት ስም ገንዘብ የሚያስወጡ ትምህርት ቤቶች ልጓም ያስፈልጋቸዋል። የገዋን ኪራይ፣ የፎቶ፣ የአዳራሽ፣ የመጽሔት እየተባለ የሚጠየቀው ብር ወላጅን ብድር ውስጥ ይከታል። መክፈል ያልቻለች እናት ልጇን ከፎቶው ስታስቀር ማየት ያማል። ለደስታ ቡናና ዳቦ ይበቃል።

እኛ ቤት እሁድ ዳቦ እንደፋለን። አያቷ ከደብረ ብርሃን መጥተው ይመርቋታል። ከዚያ ሰኞ ወደ ጥናቷ ትመለሳለች። ጎረቤቶቼ፣ መስከረምን ሳትጠብቁ ኑ። መስከረም ላይ ደግሞ ደረጃው ላይ ስታገኟት «ስንት አመጣሽ?» ከማለታችሁ በፊት «እንዴት ነሽ?» በሏት።