ጥቁሯን ሄርማዮኒ ማን ፈጠራት?

ፋን አርት ሲባል ብዙ ሰው የልጅ ጨዋታ ነው የሚመስለው። የሚወዱትን ገጸ ባሕርይ ኮርጆ መሳል፣ ላይክ መሰብሰብ፣ በቃ። እኔ አይመስለኝም። ጥሩ ፋን አርት ከመጽሐፉ ጋር ሙግት መግጠም ነው። ሄርማዮኒን ተመልከቷት።

የሃሪ ፖተር ጓደኛ ሄርማዮኒ በፊልሞቹ ኤማ ዋትሰን ናት፣ ነጭ። መጽሐፉን ይዘው የተቀመጡ አንባቢዎች ግን ሌላ ልጅ ታየቻቸው። ፀጉሯ የተንጨባረረ፣ የፊት ጥርሷ ገጠጥ ያለ፣ ወላጆቿ አስማተኞች ስላልሆኑ ደግሞ "ደመ ቆሻሻ" እየተባለች የምትሰደብ። አጥንት ሲቆጠር እያየ ላደገ ሰው ይህን ስድብ ማስረዳት አያስፈልግም። እናም በተለይ ተምብለር በሚባለው ማኅበራዊ ድረ ገጽ ላይ ጥቁር አድርገው ይስሏት ጀመር። አድናቂዎቹ ይህን "ሄድካነን" ይሉታል፤ ደራሲዋ ባትጽፈውም እኔ ጭንቅላት ውስጥ እንዲህ ናት እንደማለት።

ሁሉም ሥዕል ጥሩ ነበር አልልም። የዋትሰንን ፊት ወስዶ ቡናማ ቀለም መቀባት ስንፍና ነው። ጥሩዎቹ ግን ያ አልበጠር ያለ ፀጉር የማን ፀጉር ሊሆን እንደሚችል አስበውበታል፣ ስድቡም ፊቷ ላይ ይታያል።

በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2015 ጥቁሯ ተዋናይት ኖማ ዱሜዝዌኒ ለንደን ውስጥ በሚታየው የሃሪ ፖተር ቲያትር ሄርማዮኒን እንደምትጫወት ተነገረ። ኢንተርኔቱ ታመሰ። የመጽሐፎቹ ደራሲ ጄ ኬ ሮውሊንግ ትዊተር ላይ ወጥታ ቆዳዋ ነጭ ነው ብዬ አልጻፍኩም አለች፤ ተቃዋሚዎች ደግሞ ሦስተኛውን መጽሐፍ ገልጠው ፊቷን "ነጭ" የሚል ቦታ አገኙ፣ ደጋፊዎች እሱማ ደንግጣ ነው ፊቷ የገረጣው ብለው መለሱ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ጭቅጭቁ ስንት ቀን ሄደ።

እኔን የገረመኝ ሁለቱም ወገን ወደ ደራሲዋ መሮጡ ነው። ሳዮቹ እኮ ማንንም አላስፈቀዱም! እሷ "ይቻላል" ባትልም ሥዕሉ ሥዕል ነው።

ዱሜዝዌኒ በዚሁ ሚና በ2017 ኦሊቪየር የተባለውን የእንግሊዝ የቲያትር ሽልማት ወሰደች፣ ይገባታል። ጥቁር ሄርማዮኒን ያመጣው ቲያትሩ ነው ሲባል ስሰማ ግን ይደብረኛል። ተዋናይቷ መድረክ ላይ ከመውጣቷ በፊት ስንቱ ልጅ መኝታ ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ሳንቲም ሳይከፈለው፣ ስሏት ነበር።